ጂአርኢ እና የአሜሪካ ድህረ ምረቃ ማመልከቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እኛ ሀገር ፈተና ይወስናል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዩኒቨርሲቲ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል፤ ምደባውም በውጤት ነው። የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ሀገር ውስጥ ማስተርስ ለመማርም ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ተማሪ ወደ አሜሪካ ሲያመለክት ስለ ጂአርኢ፣ ማለትም ብዙ የድህረ ምረቃ ፕሮግራሞች ስለሚያዩት የመግቢያ ፈተና፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጂአርኢ ስንት ባመጣ ነው የምገባው?» የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ ቁጥር የሆነ መልስ የለም። መልስ እንዳለው ስለሚታሰብ ግን ብዙ ጎበዝ ልጆች ወራትን በቃላት ሽምደዳ ያሳልፉና ዕጣቸውን የሚወስነውን የዓላማ መግለጫ በመጨረሻው ሳምንት ይጽፉታል።

«ጂአርኢ ማለፊያ ነጥብ አለው»

የለውም። ፈተናው ሦስት ውጤት ይሰጣል፦ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባብና ቃላት) ከ130 እስከ 170፣ ኳንት (ሒሳብ) ከ130 እስከ 170፣ የትንተና ጽሑፍ ከ0 እስከ 6። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» አይልም። እንዲያውም ዩኒቨርሲቲዎች ጂአርኢን ብቻውን የመቁረጫ ነጥብ እንዳያደርጉት በጽሑፍ ያሳስባል።

በተለይ ለፒኤችዲ፣ የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ መምህራን ኮሚቴ ነው። ትራንስክሪፕቱን ሲያዩ አማካይ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የትኛውን ኮርስ በምን ውጤት እንደወሰዳችሁ ይመለከታሉ። ቀጥለው የድጋፍ ደብዳቤዎቹን፣ የዓላማ መግለጫውን፣ የምርምር ፍላጎታችሁ ከክፍሉ መምህራን ሥራ ጋር መግጠሙን ይመዝናሉ። ጂአርኢ በዚህ መሃል አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ስጋት ለማጣራት ነው፦ «ይህ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ከባድ የሒሳብ ኮርስ ይወጣዋል?» ዝቅተኛ ውጤት ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ ከፍተኛ ውጤት ጥርጣሬውን ያነሳል። ጥርጣሬ መነሳቱ ግን ከመመረጥ ይለያል። ብዙ ማመልከቻ የሚጎርፍባቸው ክፍሎች የመጀመሪያውን ማጣሪያ በቁጥር የሚጀምሩበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ውጤቱ ምንም አይደለም ማለትም ስህተት ነው።

«320 ካመጣሁ ጨረስኩ»

የቨርባልና የኳንትን ውጤት ደምሮ አንድ ቁጥር ማውራት በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ኢቲኤስ ራሱ አትደምሩ ይላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም። በቅርብ ዓመታት የኢቲኤስ ሰንጠረዥ መሠረት ቨርባል 160 ያመጣ ሰው ከ100 ተፈታኞች ወደ 84 ያህሉን ይበልጣል። ኳንት 160 ያመጣ ግን የሚበልጠው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። በኳንት ሙሉውን 170 የሚያመጣው ከ10 ተፈታኝ አንድ ሰው ገደማ ስለሆነ ጫፉ በጣም የተጨናነቀ ነው።

ስለዚህ ያው 320 ለታሪክ አመልካችና ለኤሌክትሪካል ምህንድስና አመልካች አንድ አይደለም። ቨርባል 165፣ ኳንት 155 ለታሪክ ጥሩ ነው፤ ለምህንድስና ያሳስባል። የውጤት ወረቀቱ ላይ ከነጥቡ አጠገብ የተጻፈውን ፐርሰንታይል (ከ100 ተፈታኞች ስንቱን እንደበለጣችሁ የሚያሳየውን ቁጥር) አንብቡ፤ ከዚያ ክፍሉ የተቀበላቸውን ተማሪዎች አማካይ ውጤት ካወጣ ለየብቻ አነጻጽሩ። የሁለት ወይም የሦስት ነጥብ ልዩነት በመለኪያው የስህተት ወሰን ውስጥ ያለ ነው። 163ን 165 ለማድረግ ብቻ እንደገና 220 ዶላር መክፈል አያዋጣም።

«አሁን ማንም ዩኒቨርሲቲ አይጠይቅም»

ይህኛው ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የተስፋፋ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነም አደገኛ ነው። የሥነ ሕይወትና የባዮሜዲካል ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ከ2018 (በፈረንጆች አቆጣጠር) አካባቢ ጀምሮ በብዛት ጂአርኢን ተዉት። ከገፋፏቸው ነገሮች አንዱ በ2017 ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ነው፦ ውጤቱ ማን ዲግሪውን እንደሚጨርስም ሆነ ማን ብዙ እንደሚያሳትም አልተነበየም፤ በመጠኑ የተነበየው የመጀመሪያዎቹን ኮርሶች ውጤት ነበር። ልብ በሉ፦ እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚያዩት ተመርጠው የገቡትን ብቻ ነው፤ ያልተቀበሏቸው ምን ይሆኑ እንደነበር አይነግሩንም። ቀጥሎ በ2020 በኮሮና ምክንያት የፈተና ማዕከላት ሲዘጉ ሌሎችም ተከተሉ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የራክሃም ድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት ለፒኤችዲ ቅበላ ጂአርኢን መጠቀም አቁሟል።

በሌላ በኩል ስመ ጥር የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ዛሬም ይጠይቃሉ፤ እዚያ ኳንት ከ165 በታች ከሆነ ሌላው ፋይል እጅግ ጠንካራ መሆን አለበት። የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ጂማት (የቢዝነስ ትምህርት መግቢያ ፈተና) ወይም ጂአርኢ ይቀበላሉ። በየትምህርት ዓይነቱ ከሚሰጡት የጂአርኢ ፈተናዎች የቀሩት ፊዚክስ፣ ሒሳብና ሳይኮሎጂ ብቻ ናቸው፤ የኬሚስትሪው በ2023 ቆሟል።

መረጃውን የምታገኙት ከዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ ገጽ ሳይሆን ከትምህርት ክፍሉ የቅበላ ገጽ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ያስገድዳል፣ ባዮሎጂ ደግሞ ጭራሽ አያይም። ገጹ የትኛውን የመግቢያ ዓመት እንደሚመለከትም አረጋግጡ፤ ደንቡ በየዓመቱ ይቀየራል። ሦስቱን ቃላት ለዩ፦ «ግዴታ ነው»፣ «አማራጭ ነው»፣ «አንቀበልም»። በሦስተኛው ጊዜ ውጤታችሁን በማመልከቻው ሌላ ቦታ ሸጉጦ መጻፍ መመሪያ አያነብም ያስብላችኋል።

«አማራጭ ከሆነ አለመላክ ይሻላል»

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ይህ ምክር ነው። አንድ የአሜሪካ ኮሚቴ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎችን አይቶ ሊሆን ይችላል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከወለጋ ወይም ከአርባ ምንጭ የመጣ 3.7 ግን ምን ያህል እንደሚመዝን የሚለካበት ነገር ላይኖረው ይችላል። ኳንት 167 ግን ከየትም ቢመጣ 167 ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎቻችሁ ኮሚቴው የማያውቃቸው ከሆኑና ደብዳቤዎቹ አጭርና አጠቃላይ ከሆኑ፣ ያ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል። የትምህርት መስክ ለሚቀይርም እንዲሁ ነው፦ ከሶሺዮሎጂ ወደ ስታቲስቲክስ የሚሄድ ሰው ሒሳብ እንደሚችል ማሳያ ያስፈልገዋል።

ደንቡ ቀላል ነው። ለመስካችሁ ዋና የሆነው የፈተናው ክፍል ውጤት ፕሮግራሙ ከሚያሳውቀው አማካይ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ላኩ። በግልጽ ከታች ከሆነ አትላኩ። አማካዩ ካልታወቀ ለምህንድስና፣ ለኮምፒውተርና ለኢኮኖሚክስ ኳንት 165ን፣ ለሰብዓዊና ለማኅበራዊ ሳይንስ ቨርባል 158 እና ከዚያ በላይን እንደ መላኪያ ወለል ብትይዙ አይከፋም። ይህ የኛ ግምት ነው፤ ደንብ አይደለም።

«ከፍተኛ ጂአርኢ ዝቅተኛ ጂፒኤን ይሸፍናል»

የሁለት ሰዓት ፈተና የአራትና የአምስት ዓመት ሥራን አይሸፍንም። ብዙ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች 3.0 ዝቅተኛ ጂፒኤ ብለው ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በታች የሆነን ሰው ለመቀበል ክፍሉ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። የሚረዳው ሌላ ነው፦ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤት ከፍ ማለቱን ማሳየት፣ የወደቀው ሴሚስተር በሕመም ወይም ትምህርት በመቋረጡ ከሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሳያጉረመርሙ ማስረዳት፣ ከመምህራኑ አንዱ ይህንኑ በደብዳቤው እንዲያነሳው መጠየቅ።

ስለ ትራንስክሪፕት ሲነሳ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳው ሳይስተካከል ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ሊቸገር ይችላል። ለማመልከቻው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ኮፒውን ስካን ይቀበላሉ፤ ኦፊሻሉ ግን ከተቀበሏችሁ በኋላ ይጠየቃል። ለጂአርኢ የምትከፍሉትን ዶላር ከመፈለጋችሁ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ያለባችሁን ዕዳና ሂደቱ የሚወስደውን ጊዜ ጠይቁ።

«የሚፈተነው ከፍተኛ ሒሳብ ነው»

ኳንት አሪትሜቲክ፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪና የመረጃ ትንተና ነው፤ ካልኩለስ የለበትም። የእኛ የምህንድስና ተማሪዎች ነጥብ የሚጥሉት ስለማያውቁ ሳይሆን የጥያቄው አነጋገር ስለሚያዘናጋቸው ነው። ሁለት መጠኖችን የሚያነጻጽሩት ጥያቄዎች ላይ «ኤክስ» አዎንታዊ ሙሉ ቁጥር ነው ብለው ይነሳሉ፤ ጥያቄው ግን አላለም። ዜሮን፣ አሉታዊ ቁጥርንና ክፍልፋይን ሳይሞክሩ መልስ መስጠት ዋናው ወጥመድ ነው።

ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ፈተናው አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል፦ አንድ ድርሰት በ30 ደቂቃ፣ 27 የቨርባል ጥያቄ፣ 27 የኳንት ጥያቄ። እያንዳንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ አለው። በመጀመሪያው ጥሩ ከሠራችሁ ሁለተኛው ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሲከብዳችሁ አትደንግጡ። በአንዱ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ዘሎ መመለስ ይቻላል፣ ለተሳሳተ መልስም ነጥብ አይቀነስም። ባዶ የተተወ ጥያቄ እንዳይኖር።

«ደግሜ ከተፈተንኩ የድሮው ውጤት ያሳፍረኛል»

በ21 ቀን ልዩነት፣ በተከታታይ 12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ መፈተን ይቻላል፤ ውጤቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። የትኛው ቀን ውጤት እንደሚላክ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። በክፍያው ውስጥ በነጻ የሚላኩት አራቱ ግን ወይ የመጨረሻውን ፈተና ወይ ሁሉንም ነው የሚይዙት፤ አንዱን የቆየ ፈተና ለይቶ ለመላክ በኋላ መክፈል ያስፈልጋል። የአንዱን ቀን ቨርባል ከሌላው ቀን ኳንት ጋር ቀላቅሎ መላክ አይቻልም።

«ጂአርኢ ካለኝ ቶፍል ወይም አይኤልትስ አያስፈልገኝም»

ቶፍልና አይኤልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች ናቸው፤ ማለፊያ ነጥብ የሚባል ነገር ያለው እዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው አይኤልትስ 7 ካለ 6.5 ያለው ማመልከቻ ለኮሚቴው ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል። የቋንቋ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከሬጅስትራር በሚጻፍ «የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ከፈተናው ነጻ ያደርጋሉ። ሌሎች ይህን የሚፈቅዱት ዝርዝራቸው ውስጥ ላሉ ሀገራት ብቻ ነው። ለድህረ ምረቃ ቢሮው ኢሜይል ጽፋችሁ መልሱን አስቀምጡት።

«ቤት ሆኖ መፈተን ይቀላል»

ቤት ውስጥ የሚሰጠው ፈተና ዋጋውም ይዘቱም ያው ነው፤ የሚበላሽበት መንገድ ግን ይበዛል። ክፍሉ ውስጥ ብቻችሁን መሆን አለባችሁ፤ በር ከፍቶ የገባ ታናሽ ወንድም ፈተናውን ሊያሰርዝ ይችላል። ተራ ወረቀት ላይ ማስላት አይፈቀድም፤ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ወይም ግልጽ ላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀትና የሚጠፋ ማርከር ያስፈልጋል። የጆሮ ማዳመጫ አይፈቀድም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ዋይፋዩ ይሞታል፤ ራውተሩን የሚያቆይ ዩፒኤስ ከሌላችሁ ማዕከል ሄዶ መፈተን ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ስም። ምዝገባው ላይ የምትጽፉት ስም ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ አትፈተኑም፣ ገንዘቡም አይመለስም። በእኛ ስም አጻጻፍ ችግሩ ድርብ ነው፦ ፓስፖርቱ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲይዝ ትራንስክሪፕቱ ላይ የአባት ስም መጨረሻ ይሆናል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ያው ስም በሁለት ዓይነት ይወጣል። በዚህ የተነሳ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲው ደርሶ ከማመልከቻው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ሁሉንም በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሙሉ፤ ማመልከቻው «ሌላ ስም» የሚል ቦታ ካለው የትራንስክሪፕቱን አጻጻፍ እዚያ አስገቡ። የልደት ቀኑም በሁሉም ላይ አንድ ይሁን።

አብዛኛው የፒኤችዲ ማመልከቻ በዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይዘጋል። ኦፊሻል ውጤት ከፈተናው በኋላ ከ8 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፤ ለመድገም 21 ቀን ይጨመራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ከመስከረም መጨረሻ እንዳያልፍ። ከዚያ በፊት ስምንት ሳምንት ይበቃል፦ መጀመሪያ ከኢቲኤስ ነጻ መለማመጃዎች አንዱን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፣ ስድስቱን ሳምንት በስህተታችሁ ላይ አተኩሩ፣ በሰባተኛው ሁለተኛውን መለማመጃ ውሰዱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለጂአርኢ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አትስጡ፤ የቀረውን የመምህራኑን ጽሑፍ ለማንበብና የዓላማ መግለጫውን ደጋግሞ ለመጻፍ አውሉት። የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉላችሁ መምህራን ደግሞ ሲቪያችሁንና የመግለጫውን ረቂቅ ከመዝጊያው ቀን ስድስት ሳምንት በፊት ላኩላቸው።