አንሄዶኒያ ምንድን ነው?

አክስቴ ቤት ቡና ሲቆላ ጭሱ እስከ ጓዳ ይዘልቃል። ጓዳ ያለው ልጇ ግን አይወጣም። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ከያዘው ዓመታት ሆነዋል። «ና ቡና ጠጣ» ሲባል «አልፈልግም» ይላል። ቁጣ የለበትም፣ ኩርፊያም አይደለም። ሳይታመም በፊት ጨዋታ ጀማሪው እሱ ነበር።

ለዚህ ነገር የሕክምናው ዓለም አንሄዶኒያ የሚል ስም አለው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው ቴዎዱል ሪቦ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ደስታ አልባነት እንደማለት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ «ምንም አይጥመኝም» ይላል። «ምግቡም ሰዉም ጨዋታውም አልጥም አለኝ።» እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። አዘንኩ አላለም፤ ጣዕም ጠፋብኝ ነው ያለው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያዘነ ሰው ቢያንስ ያለቅሳል። አንሄዶኒያ የያዛት እናት ግን ልጇ እየሮጠ መጥቶ ሲያቅፋት ውስጧ ምንም አይልም። እሷም ይሄን ታውቃለች፣ ታፍርበታለችም። «አላዘንኩም እኮ፣ ምኑ ነው ድባቴ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሐኪሞች ግን ድባቴን ሲለዩ ዋና ብለው የሚይዙት ሁለት ምልክት ነው፤ አንዱ የመከፋት ስሜት፣ ሌላው ድሮ ደስ ይሉ የነበሩ ነገሮች ደስ ማለታቸውን ሲያቆሙ። ከሁለቱ አንዱ ካለ፣ እንደ እንቅልፍ መዛባትና ድካም ካሉ ሌሎች ምልክቶች ጋር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ያለ አንዲት ዘለላ እንባም ድባቴ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ተተርጉሞ እኛም አገር የሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚሁ ነገር ነው።

በስኪዞፍሬኒያ ደግሞ ነገሩ ይደበቃል። ታማሚው ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሲሰማው፣ ብቻውን ሲያወራ፣ «ይከታተሉኛል» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ያያል፤ ጠበል ይወሰዳል፣ ሆስፒታል ይወሰዳል። መድኃኒቱ ድምፁን ብዙ ጊዜ ያበርደዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዝምታ ነው። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተረጋግቷል» ይላል። ግን ፍላጎትና ተነሳሽነት ማጣት ለመድኃኒቱ ያን ያህል አይበገርም። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያየ ሲውል «ሰነፈ»፣ «ለገመ» ይባላል። ይሄ ቃል በጣም ያሳዝነኛል፤ የሕመሙን ምልክት እንደ ጠባይ ጉድለት ነው የሚቆጥረው።

ለመሆኑ የጠፋው ምንድን ነው? በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ አይጦች ላይ ያዩት ነገር እዚህ ጋ ይጠቅመናል። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከሞላ ጎደል የጠፋባቸው አይጦች ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦላቸው አይበሉም ነበር። በሰው እጅ ካልተመገቡ በረሃብ ይሞታሉ። ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አፋቸው ውስጥ ሲጨመርላቸው ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙ አልጠፋም። የጠፋው ወደ ምግቡ የሚወስደው ጉጉት ነው። መጓጓትና መደሰት ለየብቻ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

ሰው አይጥ አይደለም። ሆኖም በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አን ክሪንግና ሌሎች ተመራማሪዎች ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ላይ ያዩት ይመሳሰላል። ደስ የሚል ፊልም ሲያዩ ወይም የሚጣፍጥ ነገር ሲቀምሱ በዚያች ቅጽበት የሚሰማቸው ደስታ በአብዛኛው ከሌላው ሰው ብዙም አይለይም። ጎልቶ የሚጎድለው ቀድሞ «ደስ ይለኛል» ብሎ መጠበቁ ነው። በድባቴ ግን ብዙ ጊዜ የቅጽበቷም ደስታ አብራ ትደበዝዛለች።

ለዚህ ነው «ደስ ሲልህ ትመጣለህ» የሚባለው ነገር የማይሠራው። ጉጉቱ እስኪመጣ ከተጠበቀ አይመጣም። ለድባቴ ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ ይሄንኑ ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ማድረግ፣ ስሜቱ ከኋላ ይድረስ። ትንሽ ነገር ይመረጣል፣ ሰዓት ይቆረጥለታል። ከጎረቤት ጋር እስከ ዳቦ ቤት መሄድ ይበቃል። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም ስሜትን ሊያደነዝዙ ስለሚችሉ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል፤ በራስ ማቆም ግን አደጋ አለው። «መኖሩም አልጥም አለኝ» ያለ ሰው ካለ ደግሞ ለነገ አይባልም። ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው።

አክስቴ ይሄን ሁሉ ማንም ሳያስረዳት «ትመጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ትታለች። አቦሉ ሲቀዳ ጓዳ ትገባና እጁን ይዛ «ተነሣ የኔ ልጅ» ትለዋለች። ይነሣል። ባለፈው ቶናውንም በረካውንም ጠጣ። ፈንዲሻውን ወደራሱ ሳብ አድርጎ ስለ ድሮ ጎረቤታችን ውሻ አንድ ነገር አነሣና ሳቀ። በማግስቱ ሲጠራ መልሱ ያው «አልፈልግም» ነበር። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳ ገባች።