ኩራዙ የተሰረቀበት ፈላስፋ እና "በርኖሴን አምጣልኝ" ያለው ሐዋርያ

ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ ያደገ፣ እግሩም የሚያነክስ ፈላስፋ ነበር። የትውልድ ከተማው ኢያራ ናት፤ ጳውሎስ በቆላስይስ 4፥13 ስሟን ያነሳታል። ሮም ውስጥ ነፃ ከወጣ በኋላ በግሪክ ምድር፣ ኒቆጵልዮን በምትባል ከተማ ያስተምር ነበር።

አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ ኮሽታ ይሰማል። ሮጥ ብሎ ቢያይ የብረት ኩራዙ የለም። ሌባ ይዞት ሄዷል። ኤፒክቴተስ ታዲያ አልጮኸም፣ አልተራገመም። ነገ የሸክላ እገዛለሁ ብሎ ተወው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሌባው ኩራዙን በነፃ አልወሰደም አለ። ለአንድ ኩራዝ ብሎ ሌባ ሆነ፣ ለአንድ ኩራዝ ብሎ ታማኝነቱን ከፈለ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ሚዛን ላይ ትንሽ የሚሸርፍ ነጋዴ ምን ያህል ከፈለ? ረዳቱ ተሳስቶ የሰጠውን መልስ ኪሱ ከቶ ከታክሲ የሚወርደውስ? ጌታችን "ሰው ዓለሙን ሁሉ ቢያተርፍ ነፍሱንም ቢያጐድል ምን ይጠቅመዋል?" ሲል የጠየቀው ስለ ዓለም ሁሉ ነው። እኛ ግን ለኩራዝም እንሸጣለን።

(ሉቅያኖስ የሚባል ጸሐፊ እንደሚለው፣ ኤፒክቴተስ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው የሸክላ ኩራዙን በ3,000 ድራክማ ገዛው። በእሱ ብርሃን ሲያነብ ጥበቡ የሚጋባበት መስሎት ነው!)

የትምህርቱ ሥር ቀላል ነው። በእጃችን ያለ ነገር አለ፣ በእጃችን የሌለም አለ። ፍላጎታችንና ምርጫችን በእጃችን ናቸው። ጤና፣ ንብረት፣ ሹመት፣ ሰው የሚያወራልን ነገር ግን አይደሉም። "ሰው ምን ይለኛል" እያለ እንቅልፍ ለሚያጣ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው።

ግን ይኸው መምህር ምን ይላል? ልጅህን ስትስም "የምስመው ሟች ነው" በል፤ ያኔ ሲሞት አትረበሽም። እዚህ ላይ እኔ የለሁበትም። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ እንኳ፣ ማርያም ስታለቅስ አይቶ እንባውን አፈሰሰ። በየለቅሶ ቤቱ "አማኝ አያለቅስም" የሚል ሰው አይጠፋም። ከወንጌል ይልቅ ለኤፒክቴተስ የቀረበ ምክር ነው። ጳውሎስ ያለው "ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ" ነው እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላለም።

ጳውሎስ ኢስጦኢኮች የሚባሉትን የኤፒክቴተስ ወገን ፈላስፎች በደንብ ያውቃቸዋል። አቴና ላይ ተከራክሯቸዋል፤ "ለፍላፊ" ብለውታል። እሱ ግን ከራሳቸው ባለ ቅኔ "እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነን" (የእግዚአብሔር ማለት ነው) የሚለውን ቃል ወስዶ ሰበከበት። እውነት ካገኘ አይንቅም።

ታስሮ ሳለ ደግሞ ለፊልጵስዩስ ሰዎች "የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ" ብሎ ጻፈ። ይህን ኤፒክቴተስም በደስታ ይፈርምበት ነበር። የሚለያዩት ጥቂት ወረድ ብሎ ነው፤ ጳውሎስ ሁሉን የሚችለው "ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ" ነው። አቅሙ የራሱ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ወንድም "ቸግሮኛል" ሲል እምነቱን አንመርምር። ምን ላምጣልህ እንበለው። "ይበቃኛል" ያለው ያው ጳውሎስ፣ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4 ላይ ባልደረባዬ ዴማስ ትቶኝ ሄዷል፣ ሉቃስ ብቻ ከእኔ ጋር አለ ይላል። ከክረምት በፊት ቶሎ ና፣ በጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስም አምጣልኝ ብሎ ይለምናል። መጻሕፍቱንም አልረሳም፤ ይልቁንም የብራናዎቹን።