ማዳመጥን በቪዲዮ ማስተማር ምንድን ነው?

የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የማዳመጥ ክፍል አለ። አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ምንባቡን ከመምህሩ መምሪያ ላይ ያነባል፤ ተማሪው ጥያቄ ይመልሳል። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ ቶሎ የሚዘለለው ይኸው ክፍል ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማዳመጥን አይፈትንማ! ችግሩ የሚታየው ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት ሲያመልጠው ነው።

ማዳመጥን በቪዲዮ ማስተማር ማለት አጭር የኢንተርኔት ቪዲዮ መርጦ፣ እያቆሙና እየመለሱ የተማሪውን ጆሮ ማለማመድ ነው። ፊልም ከፍቶ «እዩ» ብሎ መቀመጥ አይደለም።

ተማሪው «ዋት ዱ ዩ ዋንት ቱ ኢት?» የሚለውን ተጽፎ ቢያየው ወዲያው ይገባዋል። ከተናጋሪው አፍ ሲወጣ ግን «ዋድያ ዋና ኢት» ነው። «ፒክ ኢት አፕ»ም «ፒኪታፕ» ይሆናል። ልጁ ቃላቱን ያውቃቸዋል፤ ተያይዘው ሲመጡ ነው የሚጠፉበት። እኛስ ብንሆን «ምን አልክ»ን መቼ ለያይተን እንጠራለን? «ምናልክ» ነው የምንለው። መምህሩ ቀስ ብሎ ሲያነብ ይህ መያያዝ አይሰማም። ቪዲዮ ላይ ይሰማል፤ የተናጋሪው ፊትና እጅ ደግሞ ያግዛል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣውን ፕላዝማ (በክፍል ቴሌቪዥን የሚሰጠውን ትምህርት) የምናስታውስ ብዙ ነን። ትምህርቱ በሳተላይት ስለሚሰራጭ መምህሩ ማቆምም መመለስም አይችልም ነበር። አሁን ዩቲዩብን በስልክ ከፍተው የስክሪኑን ግራ ጎን ሁለቴ ነካ ቢያደርጉት 10 ሰከንድ ይመለሳል። ፍጥነቱንም ወደ 0.75 ማውረድ ይቻላል። እኔ ግን ከማዘግየት ይልቅ ደጋግሞ ማሰማትን እመርጣለሁ፤ ውጭ የሚያገኙት ሰው ለእነሱ ብሎ ቀስ አይልም።

ሁለት ሰዎች ገበያ ውስጥ የሚነጋገሩበት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አለ እንበል። መጀመሪያ ድምፁ ይዘጋል፤ «የት ናቸው? ስለምን የሚያወሩ ይመስላችኋል?» ይባላል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ተሰጥቶ ሙሉው ይሰማል። ከዚያ አንዷ ዓረፍተ ነገር ትመረጥና ሦስት አራቴ ትደጋገማለች። ተማሪዎቹ የሰሙትን ይጽፋሉ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር ያስተያያሉ። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ (ሰብታይትል) የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። «ለካ እንዲህ ነው ያለው!» የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ከተከፈተ ዓይን ያነባል፣ ጆሮ ያርፋል። ዩቲዩብ በራሱ የሚያወጣው ጽሑፍ ስለሚሳሳት መምህሩ አስቀድሞ ይየው።

ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት ከሌለስ? የአሜሪካ ድምፅ (ቪኦኤ) ራሱ ያዘጋጃቸው የእንግሊዝኛ መማሪያ ቪዲዮዎች የቅጂ መብት ስለማይከለክላቸው አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይቻላል። ገንዘብ ካለ ደግሞ ከፕሮጀክተር በፊት ጥሩ ስፒከር ይገዛ። የላፕቶፕ ድምፅ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ከኋላ ለተቀመጡት አይደርስም።