ኮምፒውተር አንብቦ ሲማር፦ ቡና ላይ የሚባለውና እውነታው

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ቁጭ ብለን፣ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት እያነበበ እንዴት ይማራል የሚል ወሬ ተነሳ። የተባለው ግማሹ ልክ አልነበረም። በየተራ ላንሳው።

«እንደኛ ገብቶት ነው የሚያነበው።»
የለም። የቆየው ዘዴ አባባል ማደን ነው። «እንደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልዲያ ያሉ ከተሞች» የሚል ካገኘ ሦስቱንም ከተማ ብሎ ይመዘግባል። ማርቲ ኸርስት የምትባል ተመራማሪ ይህን በ1992 ለእንግሊዝኛ አሳይታለች። ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከሚያውቃቸው ከተሞች አጠገብ «ከንቲባ» የሚል ቃል ደጋግሞ ካየ፣ ከንቲባ ያለውን ሁሉ ከተማ እያለ ይለቅማል።

«አንዴ ከጀመረ ሰው አይፈልግም።»
በፈረንጆች 2010 ካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኔል የሚባል ሲስተም ሌት ተቀን ድረ ገጽ ማንበብ ጀመረ። ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ «ኩኪ» ላይ ተደናቀፈ። ኩኪ የሚበላው ነው፣ ብሮውዘር (ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይልም ኩኪ ትባላለች። ኔል የኢንተርኔቷን ከሚጋገሩት ጋር መደባት። ቀጥሎ ሰው «ኩኪዬን አጠፋሁ» እንደሚለው ሁሉ «ፋይሌን አጠፋሁ» ሲል አየና ፋይልንም ዳቦ ቤት አስገባው! ሰው ገብቶ ማረም ነበረበት።

«ስም መለየትማ ቀላል ነው።»
ይሄን ያለው ወሎዬ መሆኑ ነው የገረመኝ። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ናት፣ ባቲ የዜማ ቅኝትም ነው። አምባሰልም ወረዳም ቅኝትም ነው። ላሊበላ ንጉሡ ነው፣ ከተማው ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ እያዜሙ የሚለምኑትም ላሊበላ ይባላሉ። ሐይቅ ደግሞ ይብሳል፤ ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ። እንግሊዝኛ የቦታ ስምን በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ፍንጭ ይሰጣል፣ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በዚያ ላይ አንዱ «ሀይቅ»፣ ሌላው «ሐይቅ» ብሎ ይጽፋል፣ «ከሐይቅ»፣ «በሐይቅ»፣ «የሐይቁ» ሲጨመርበት ካላስተማሩት በቀር ሁሉም የተለያየ ቃል ይመስለዋል። እኛ «ባቲን በክራር ተጫወተው» እና «ባቲን አልፎ ወደ አፋር ወረደ» ሲባል ሳናስበው እንለያለን። እሱ የሚለየው ዙሪያውን ያሉትን ቃላት ቆጥሮ ነው፣ ለመቁጠር ደግሞ ብዙ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ የአማርኛው ደግሞ ጥቂት ነው።

«ቻትቦት ያነበበውን እንደ መዝገብ ቤት አስቀምጦ ይመዛል።»
አይ። ቻትቦት ማለት ስንጠይቀው በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ንባቡ ወደ ቁጥር ተቀይሮ ነው የሚቀረው፣ መልሱንም ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ሳያፍር የሚዋሸውም ለዚህ ነው።

«ብዙ ቦታ ከተጻፈ እውነት ነው።»
ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ውጫሌን ታገኛላችሁ። በፈረንጆች 1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ይችላሉ ይላል። የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው፣ ጣልያንም ለአውሮፓ ያሳወቀችው የራሷን ነው። ኮምፒውተር ያኔ ኖሮ የአውሮፓን ጽሑፍ ብቻ ቢያነብ ኢትዮጵያን በጣልያን ጥበቃ ሥር ያለች አገር ብሎ ይመዘግብ ነበር፣ ያውም በሙሉ እርግጠኝነት። ሁለቱንም ቢያነብ የሚጋጩ ሁለት እውነታዎች ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ደህና ሲስተም ከመዘገበው ነገር ጎን ማን እንዳለው፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳለው አብሮ ያስቀምጣል።