የሰኞው ፕሮፌሰር

ሳን በርናርዲኖ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ናት። እዚያ ባለው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ገብረማርያም ለረጅም ዓመታት ፖለቲካል ሳይንስ አስተምረዋል። ዳያስፖራው «አል ማርያም» ይላቸዋል። ከመምህርነቱ ጎን በጠበቃነትም የወንጀል ተከሳሾችን ወክለው ቆመዋል።

«ዝም የማለት መብት አለህ» የምትለዋን የፖሊስ ቃል የአሜሪካ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቃታል። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1998 በካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከሩበት ጉዳይ ከዚህችው ቃል ጋር የተያያዘ ነበር። ተጠርጣሪው ጠበቃ ይምጣልኝ ብሏል። ፖሊሱ ሆን ብሎ ምርመራውን ከቀጠለ፣ የተገኘው ቃል ምን ይሁን? ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ሕገወጥ ነው አለ። ነገር ግን ተከሳሹ ችሎት ላይ ሌላ ከተናገረ ያንኑ ቃል አምጥቶ የችሎት ንግግሩን ማፋለስ ይቻላል ሲል ወሰነ። ግማሽ ድል እንኳን ለማለት ይከብዳል።

ወደ ብዕሩ የገፋቸው የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት ነው። በዚያ ግርግር 193 ሰልፈኞች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጥሯል። ከዚያ በኋላ በየሰኞው በእንግሊዝኛ መጻፍ ያዙ፤ ብዙዎቹ ጽሑፎች ወደ አማርኛም ተተርጉመዋል። ጽሑፎቹ ረጃጅም ናቸው፤ አሽሙርም ይበዛባቸዋል። ሲነበቡ የጠበቃ የመጨረሻ ንግግር ይመስላሉ፦ ክሱ፣ ማስረጃው፣ ፍርዱ። ለተቃራኒው ወገን ወንበር አይሰጡም። ለእኔ ጉልበታቸውም ድካማቸውም ይኸው ነው።

የጸረ ሽብር አዋጁ ቁጥር 652/2001 ሲወጣ ደጋግመው ተቹት። ይህ አዋጅ ምንጩ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት ሳይቀር በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። ስለ አንድ የተጠርጣሪ ቃል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጠበቃ ይህን አይቶ ዝም ቢል ነበር የሚገርመው። የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዳግም ስትታሰርም ብዙ ጽፈውላታል።

ብዕር ብቻም አልነበረም። ዋሽንግተን ላይ ለኤች አር 2003 ከተሟገቱት አንዱ ነበሩ። (2003 ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ የረቂቅ ሕጉ ቁጥር ነው።) ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የተረቀቀው ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2007 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሴኔቱ ጋ ሲደርስ ቆሞ ቀረ።

ወጣቱን ሲያናግሩ ግን ጠበቃው ገለል ይልና መምህሩ ይመጣል። ጋናዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አዪቴ አዲሱን የአፍሪካ ትውልድ አቦሸማኔ፣ አሮጌውን ጉማሬ ይለው ነበር። እሳቸው ይህን ወስደው እ.ኤ.አ. 2013ን የኢትዮጵያ አቦሸማኔዎች ዓመት አሉት። የራሳቸው ዕድሜ ከጉማሬዎቹ ወገን ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ሦስተኛ ዘር ጨመሩ፦ በዕድሜው ጉማሬ፣ በአስተሳሰቡ አቦሸማኔ የሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ሲለወጥ ተቺው ደጋፊ ሆኑ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ሲጠይቁ፣ መዋጮው የሚገባበትን የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ አማካሪ ምክር ቤት በሰብሳቢነት የመሩት እሳቸው ናቸው። ለዓመታት መንግሥትን ሲከስ የኖረ ብዕር አሁን የአገሩን ልጅ ኪስ ያንኳኳ ጀመር። አንድ ዶላር በአሜሪካ አንድ ማኪያቶ እንኳን አይገዛም።