«በሳምንቱማ በእርጅናዋም ትሞታለች!»

ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። «አንተ ልጅ፣ ይቺ ፈንገስህ ቢምቢን በስንት ደቂቃ ትገድላለች?» አሉኝ አጎቴ። «በደቂቃ አይደለም ጋሼ፣ ሳምንት ገደማ ይፈጃል» አልኳቸው። ስኒው ከእጃቸው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቁ። «በሳምንቱማ በእርጅናዋም ትሞታለች!»

ይህን ቀልድ በየስልጠናው እሰማዋለሁ። ሰልችቶኛል።

የማወራው ነፍሳትን ስለሚያጠቁት፣ ሜታራይዚየምና ቦቬሪያ ስለሚባሉት ፈንገሶች ነው። ብናኛቸው የተቀባ ጨርቅ ላይ ትንኟ ስታርፍ እግሯ ላይ ይጣበቃል። እዚያው ይበቅልና ቆዳዋን ሰርስሮ ይገባል። መብላትም መጠጣትም አይጠበቅባትም።

አሁን ወደ «ይዘገያል» እንምጣ። የወባ ትንኝ ወባ ይዛ አትወለድም። ከታመመ ሰው ደም ጠጥታም ቢሆን በማግስቱ ሌላውን አታስይዝም። ተውሳኩ ሆዷ ውስጥ ተራብቶ ምራቋ ጋ እስኪደርስ እንደ አየሩ ሙቀት 10 ቀን፣ 14 ቀን ይፈጅበታል። አብዛኞቹ ትንኞች ያን ያህል አይኖሩም። ወባ የሚያዛምቱት ጥቂቶቹ አሮጊቶች ናቸው! አጎቴ ሳያውቁት መልሱን ተናግረዋል፤ ሥራው ለእርጅና እንዳትበቃ ማድረግ ነው። ፈንገሱ የያዛት ትንኝ ደግሞ እስክትሞትም ደም የመጠጣት ፍላጎቷ ይቀንሳል።

መዘግየቱ ሌላም ጥቅም አለው። ወዲያው የሚገድል ኬሚካል እንቁላል ሳትጥል ይጨርሳታል፤ የምትራባው የተቋቋመችው ብቻ ትሆናለች። እኛ አገር ዲዲቲንም ፓይረትሮይድ የሚባሉትን ፀረ ነፍሳት ኬሚካሎችም የለመዱ ትንኞች የበዙት እንዲህ ነው። በሳምንቷ የምትሞተዋ ግን ጥቂት እንቁላል ጥላ ስለምትሄድ፣ ፈንገሱን የመልመድ ጫናው ይቀንሳል።

«ቋቁቻ ያስይዘናል» የሚሉም አሉ። ቋቁቻን የሚያመጣው ፈንገስ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ብናኙን የሚያዘጋጅ ሰው ግን ማስክ ያድርግ፤ ዱቄት ለማንም ሳንባ አይበጅም።

«የፈረንጅ አዲስ ሙከራ ነው»? ሳይንቲስቱ ሜችኒኮፍ ኦዴሳ ከተማ ውስጥ ሜታራይዚየምን የስንዴ ጥንዚዛ ላይ የሞከረው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። ሶማሊያም በ2020 እ.ኤ.አ. አንበጣን በሜታራይዚየም ረጭታለች።

አንድ ሰልጣኝ ደግሞ የሻገተ እንጀራ መኝታ ቤቱ ጥግ አስቀምጦ ውጤት እየጠበቀ መሆኑን ነገረኝ። ወንድሜ፣ ያንን ጣለው።

«ቡርኪና ፋሶ ወባን በፈንገስ አጠፋች» የሚለው ወሬም ተጋኗል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እውነት ነው። ሱሙሶ በምትባል መንደር፣ በመረብ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ የሸረሪት መርዝ ዘረመል የተጨመረበት ፈንገስ በሰሊጥ ዘይት ተለውሶ ጥቁር ጨርቅ ላይ ተቀባ። ከ1,500 ትንኞች የጀመረው መንጋ በ45 ቀን 13 ብቻ ቀረው። ግን መረብ ውስጥ ነው! ውጭ ፀሐይና ሙቀት ብናኙን ይገድሉታል፣ ጨርቁም እየቆየ አቅሙን ስለሚያጣ እንደገና መቀባት አለበት። ስለዚህ የተለመደው የወባ ኬሚካል ርጭት ሲመጣ በር ክፈቱ፣ ካስረጫችሁ በኋላ ግድግዳውን አትለስኑ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ።

ይህንኑ ለአጎቴ አስረድቼ ስጨርስ፣ «እሺ፣ መቼ ታመጣልኛለህ ታዲያ?» አሉኝ።

«መጀመሪያ አጎበሩ የት አለ ጋሼ?»

በአገጫቸው የጫጩቶቹን ቤት ጠቆሙኝ።