በዴቢያን ፓኬጆች ውስጥ «ኦል» እና «ኤኒ» የሚለያዩበት ነጥብ

ለዴቢያን (ከሊኑክስ ሥርዓተ ክወናዎች አንዱ ነው) ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን የተሰናዳ የፕሮግራም ጥቅል፣ ማዘጋጀት የጀመረ ሰው የፕሮሰሰሩን ዓይነት በሚገልጸው «አርክቴክቸር» በሚለው መስመር ላይ «ኦል» (all) እና «ኤኒ» (any) የሚሉትን ሁለት ቃላት ሲያገኝ ግራ ቢጋባ አያስገርምም፤ ሁለቱም «በሁሉም ማሽን ላይ ይሠራል» የሚሉ ይመስላሉና። «ኦል» ማለት ፓኬጁ አንድ ጊዜ ብቻ ተዘጋጅቶ ያው ፋይል በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ ይጫናል ማለት ነው፤ ፎንቶች፣ የመመሪያ ሰነዶችና በፓይተን ብቻ የተጻፉ ፕሮግራሞች የሚመደቡት እዚህ ነው። «ኤኒ» በአንጻሩ የምንጭ ኮዱ በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ ኮምፓይል ሊደረግ (ማለትም ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው ቋንቋ ሊቀየር) እንደሚችል ብቻ ይናገራል፤ በመሆኑም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ለ«ኤኤምዲ64»፣ ለ«አርም64» እና ለሌሎቹም የፕሮሰሰር ዓይነቶች ለየብቻ ተሠርቶ የተለያየ ፋይል ይወጣለታል። በነገራችን ላይ «ኤኤምዲ64» የኢንቴልን ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሮችም ያጠቃልላል፤ ስሙ የተወሰደው ንድፉን አስቀድሞ ካወጣው ኩባንያ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት፣ በአብዛኛው በፓይተን በተጻፈ ፓኬጅ ውስጥ ከሲ ኮምፓይል የተደረገ አንድ ፋይል ተሸሽጎ ሳለ «ኦል» ብሎ መጻፍ ነው። ፓኬጁ በአዘጋጁ ማሽን ላይ ያለ እንከን ስለሚሠራ፣ ጉድለቱ የሚገለጠው ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ያለው ተጠቃሚ ከጫነው በኋላ ፕሮግራሙ አልነሣ ሲለው ነው።